ስለ ጎጃም ታሪክና ቅርስ አጻጻፍ የቀረበ ትችት

ስለ ጎጃም የተጻፈውን ሰብስቦ ለማንበብ የሞከረ ተማሪ ሁሉ ሦስት ዐይነት ጽሑፍ ያገኛል። አንደኛው የገዥዎችና የመሳፍንት ታሪክ ነው። ሁለተኛው ጎጃምን የዐመፀኛና የአርበኛ አገር አድርጎ የሚያሳይ ነው። ሦስተኛው ደግሞ «የቅኔ አገር» የሚለውን ምስጋና ከመግቢያው ላይ አስቀምጦ፥ ጥቂት የታወቁ ቅኔዎችን ጠቅሶ፥ ስለ ደብሮቹ ዕድሜና በየዕቃ ቤቱ ስላለው ዘውድና ብራና ተርኮ የሚጨርስ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ሦስቱንም ብንነካም በተለይ ለመተቸት የተነሣነው ሦስተኛውን ነው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ጉድለታቸው ቶሎ ሲታይ፥ ይህ ግን ምስጋና ስለ ሆነ ጉድለቱን የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነውና።

ሐሳባችን ባጭሩ የሚከተለው ነው። የጎጃም ትልቁ ቅርስ የማስተማር ሥራ ነው፤ ከዚያም ውስጥ በተለይ መምህሩ የተማሪውን ቅኔ ሰምቶ የሚያርምበት፥ የሚጥልበትና የሚያጸድቅበት ችሎታ ነው። የተጻፈልን ግን ከዚህ ሥራ የወጣው ፍሬ እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም። ፍሬው በመጽሐፍ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሥራው ግን መምህሩ ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

አስቀድመን ጎጃም ስንል የትኛውን አገር ማለታችን እንደ ሆነ እንግለጽ። ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ ወደ ምሥራቅ፥ ከዚያ ወደ ደቡብ፥ ከዚያም ወደ ምዕራብ እየዞረ አገሩን እንደ ደሴት ስለሚከበው፥ ባላገሩ «ከዓባይ እስከ ዓባይ» ካለ ሌላ ወሰን መጥራት አያስፈልገውም። ቀድሞ ጠቅላይ ግዛት የነበረው ይህ አገር በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አከፋፈል ምሥራቅ ጎጃም፥ ምዕራብ ጎጃምና አዊ እየተባለ በአማራ ክልል ውስጥ ሲደለደል፥ መተከል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሄዷል። እንግዲህ የጎጃምን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ዓባይ እንጂ የአስተዳደር ካርታ ወሰኑን ስለማያሳየው አገር ይጽፋል ማለት ነው። እኛ የምናተኩረው ከጮቄ ተራራ በታች ባለው ደጋ፥ በደብረ ማርቆስ፥ በደብረ ኤልያስ፥ በብቸናና በዲማ አካባቢ ነው።

የገዥዎቹ ታሪክ ዋና ዋና ነጥቦች ለአንባቢዎቻችን እንግዳ ስላይደሉ ፈጠን ብለን እናልፋቸዋለን። በ1845 ዓ.ም. ገደማ ደጃዝማች ተድላ ጓሉ የቈረቈሩት መንቆረር፥ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ ዘውድ ተቀብለው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተባሉ በኋላ፥ በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለ። በ1874 ዓ.ም. ንጉሡ በእምባቦ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ተማረኩ። በ1881 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ጎጃም ገብቶ አገሩን አጠፋ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ልጃቸው ራስ ኃይሉ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ገዙ።

ይህ ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ የ1881ዱን ጥፋት የሚተርኩት ሰዎች ንጉሡና ንጉሠ ነገሥቱ በምን እንደ ተጣሉ ሲያብራሩ ገጽ ይሞላሉ፤ ሠራዊቱ እህሉን ለበላበት፥ የከብት በሽታም በዚያው ሰሞን በሬውን ለጨረሰበት ገበሬ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ካገኘንለት ዕድለኞች ነን። ክፉ ቀን የተባለው ዘመን ለጎጃም ገበሬ ከጦርነቱ ጋር ተደርቦ የመጣ መከራ ነበረ። የነገሥታቱ ጠብ በዐፄ ዮሐንስ ሞት አበቃ፤ በሬ የሌለው ሰው ግን ማረሻውን ሰቅሎ ዓመታት ኖረ።

የዐመፀኛነቱም ወሬ እንደዚሁ ነው። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በሞጣ፥ በብቸናና በሌሎችም ወረዳዎች የተነሣው ተቃውሞ በብዙ ጽሑፍ ውስጥ የሕዝቡ ጠባይ ምስክር ሆኖ ይጠቀሳል፤ ጎጃሜ መገዛት አይወድም ለማለት። የገበሬው ጥያቄ ግን የጠባይ ጥያቄ አልነበረም። ገበሬው የፈራው መሬቱ እንዳይለካ ነበር፤ መሬት ከተለካ ርስት ይቀራል ብሎ ያምን ነበርና። ርስት ማለት ደግሞ በጎጃም የአንድ ሰው የግል ይዞታ አልነበረም። አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን ቈጥሮ ከዘመዶቹ ጋር የሚከራከርበት መብት ነበር። በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዐት ያጠናው አላን ሆበን የሚባለው አሜሪካዊ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በሰፊው አስረድቶታል። ይህን ያወቀ ሰው የ1960ውን ተቃውሞ የደም ፍላት ነው ብሎ ሊያልፈው አይችልም፤ የሒሳብ ነገር ነበረና።

ከዚህ ላይ አንድ የምንከራከርበት ነገር አለ። በጊዜያችን ያሉ አንዳንድ ተማሪዎች የትውልድ ቈጠራን የባላባት ጉራ አድርገው ይንቁታል። በርስት አገር ግን ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ መቍጠር ማለት ሰነድ መያዝ ማለት ነው። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጎጃምን ታሪክ በትውልድ ሐረግ ላይ አቁመው ሲጽፉ፥ ባላገሩ ራሱ ያለፈውን ዘመን የሚያስታውስበትን መንገድ ተከትለዋል እንላለን። አለቃ ተክለ ኢየሱስ በትውልዳቸው ኦሮሞ ሲሆኑ በጎጃም አድገው፥ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው፥ ሊቅም ሠዓሊም የሆኑ ሰው ነበሩ። በአማርኛ የጻፉት ታሪክ ለረጅም ዘመን በእጅ ጽሑፍ ሲገለበጥ ቆይቶ በ2003 ዓ.ም. በግርማ ጌታሁን አዘጋጅነት በአዲስ አበባ ታትሟል። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ የሚገረምበት ነገር፥ ማን ከማን እንደ ተወለደ ለመላው አገር የቈጠረው ሰው ራሱ በዚያ ሐረግ ውስጥ በደም የማይገባ መሆኑ ነው። እሳቸው ወደ ጎጃም የገቡት በትምህርት በር ነው። የጎጃም ትምህርት ቤት የባዕድ ልጅ ተቀብሎ የአገሩ ታሪክ ጸሐፊ ማድረጉ፥ ከማናቸውም የትውልድ ሐረግ የበለጠ ስለ አገሩ የሚነግረን ይመስለናል፤ ይህን ግን በትውልድ ሐረግ መጻፍ አይቻልም። የዚህ አጻጻፍ ወሰኑ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ።

በሊቃውንቱ ዘንድ ከሚጠሩት ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ከወሎው ከዋድላ ጋር ጎንጅና ዋሸራ የጎጃም ናቸው። ስለ ቅኔ አጀማመርም የሚነገረው ትውፊት ዮሐንስ ገብላዊንና ተዋነይን ያነሣል፤ ተዋነይን ጎንጆች የራሳቸው ያደርጉታል። ስለ ጎጃም የሚጻፉት ጽሑፎች ይህንን ሁሉ ይነግሩናል፤ ከዚያም ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው ብለው ምሳሌ ይጠቅሳሉ፤ ከዚያም ያበቃሉ። አንባቢው ሲጨርስ የቅኔ ቤት ምን እንደሚመስል፥ ማን እንደሚመግበው፥ አንድ ልጅ ገብቶ እንዴት ባለቅኔ ሆኖ እንደሚወጣ ሳያውቅ መጽሐፉን ይዘጋል።

ቅኔ ቤት ማለት ብዙውን ጊዜ ከደብሩ አጠገብ ያለ የመምህሩ ቤትና በዙሪያው ተማሪዎቹ ራሳቸው የሠሯቸው ትናንሽ ጎጆዎች ናቸው። ተማሪው ለምድ ወይም ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ በትር ይዞ (በትሩ ለውሻ ነው) «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል። ያገኘውን ቁራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል። ትምህርቱ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። ከዚያ በዘአምላኪየ፥ በሚበዝኁ፥ በዋዜማ፥ በሥላሴ፥ በዘይእዜ አልፎ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይወጣል፤ ክብር ይእቲና ዕጣነ ሞገርም አሉ። ተማሪው ግስ ይገሣል፥ አገባብ ያጠናል፤ ደግሞም ብቻውን ወጥቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል። መቍጠር ማለት በዚህ አገባቡ አስቦ፥ መዝኖና አስማምቶ መግጠም ነው። ሁሉም በቃል ነው፤ ወረቀትም ብዕርም የለበትም።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው እኛ የምንፈልገው። ተማሪው የቈጠረውን ይዞ ከመምህሩ ወይም ከአስነጋሪው ፊት ይቀርብና ይናገራል። መምህሩ ይሰማል። ግሱ በማይገባበት ገብቶ እንደ ሆነ፥ ቤቱ እንደማይመታ፥ ልኩ እንደ ጎደለ ወይም እንደ ተረፈ፥ ሰሙ ከወርቁ ጋር እንደማይገናኝ፥ ምሥጢሩ ከመጽሐፍ ታሪክ ጋር እንደሚጋጭ፥ ወይም ከቀድሞ ሰው የተወሰደ እንደ ሆነ ወዲያው ያውቃል። አንዳንዱን በአንድ ቃል ያቀናዋል፤ አንዳንዱን እንደ ገና ቁጠር ብሎ ይመልሰዋል። ተማሪው ይህንን ቀን በቀን፥ ዓመት ከዓመት ሲያደርግ ይኖራል። መምህሩም በተራው ለተማሪዎቹ ቅኔ ይዘርፋል፤ እነርሱም ያን ሰምተው የራሳቸውን ይመዝኑበታል። አንዱ ቤት የሚያጸድቀውን አገባብ ሌላው ቤት የሚነቅፍበት ጊዜ ስላለ፥ ተማሪው ከመምህር ወደ መምህር በእግሩ እየዞረ ልዩነቱን ይለቅማል።

ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው የእንግሊዝን ግጥም መስመር በመስመር ስንተነትን ነው ያደግነው፤ ትችት የሚባለውንም ሥራ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕውቀት አድርገን ተቀብለነዋል። ከአጥሩ ባሻገር ባለው ደብር ግን ይኸው ሥራ፥ እኛ ከምናደርገው ይልቅ ጥብቅ በሆነ ሕግ፥ በየዕለቱ ይሠራ ነበር። እኛ ሌላ ሰው የጻፈውን ግጥም ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ እንተቻለን፤ የቅኔ መምህር ግን ገና ያልበሰለውን ከባለቤቱ አፍ ተቀብሎ ይተቻል፤ ባለቤቱም ቆሞ ይሰማዋል። በአገራችን ቋንቋ ስለ ግጥም ጥበብ የሚናገር ንድፈ ሐሳብ የለንም እያሉ የሚያዝኑ ሰዎች አሉ። ንድፈ ሐሳቡ ያለው በዚህ እርማት ውስጥ ነው።

እንግዲህ የታተሙትን የቅኔ መጻሕፍት በዚህ ዐይን እንያቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፈ ቅኔና መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ በ1963 ዓ.ም. ያወጡት መጽሐፈ ቅኔ ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ብዙ ሊቃውንት በስም እንኳ አይታወቁም ነበር። የዚህ ዐይነት መጽሐፍ በጠባዩ የሚይዘው ግን «ይበል» የተባለውን ቅኔ ነው። የተጣለውንና የታረመውን አይዘውም፤ ሊይዝም አልተነሣም። ስለዚህ መጽሐፉን ብቻ የሚያነብ ተማሪ ጥሩ ቅኔ አይቶ ጥሩ መሆኑን ያምናል እንጂ ጥሩ የሚያደርገውን ነገር አያውቅም። የብረት ሥራ ለመማር የመጣን ልጅ ያለቀለት ማረሻ አሳይቶ እንደ መስደድ ያለ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በሊቃውንቱ ሥርዐት ቅኔ አንድ ጊዜ ተብሎ ያልቃል። ለዚያ በዓል፥ ለዚያ ቀን፥ በዚያ ማኅሌት ላይ ለቆሙት ሰዎች የተባለ ነው፤ በሚመጣው ዓመት ያንኑ ደግሞ ማለት ነውር ነው። የሌላውን ማለት ደግሞ ሌብነት ነው። ይህንን ለቅርስ ጥበቃ ሰዎች ብናስረዳቸው ምን ይሉ ይሆን? እነርሱ ቅርስ ሲሉ የሚቀመጠውን ማለታቸው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቍጥር 209 በእጅ የማይዳሰሰውንም ቅርስ ብሎ ይቈጥረዋል፤ በሥራ ላይ ግን ወደ መርጡለ ማርያም የሚሄድ ሰው ንግሥት እሌኒ ያሠሩትን፥ ኋላም ኢየሱሳውያን በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ገና የሠሩትን ፍርስራሽ ለክቶና ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። ግድግዳው መለካቱ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ቀን ስለ ተባለው ቅኔ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ በማግሥቱም ቅኔው የለም።

ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፍ እዚህ ላይ ሳናነሣ አናልፍም፤ በኮሌጃችን ይህን መጽሐፍ ያልጠቀሰ ጽሑፍ እምብዛም የለምና። ሌቪን ሕዝቡ በነገር ውስጥ ነገር እየደበቀ መናገር ይወዳል፤ ይህም ለቀልድ፥ ለስድብና ምሥጢር ለመጠበቅ ሲጠቅም፥ ግልጽ ንግግር ለሚጠይቀው ለዘመናዊ ሥራ ግን ዕንቅፋት ይሆናል ሲል ጽፏል። ብልህ መጽሐፍ ነው። ሆኖም የሰዉን ኑሮ ያየው በሸዋ፥ በመንዝ ነው፤ ስሙን የወሰደው ግን ከቅኔ ቤት ነው፤ ከቅኔ ቤትም አንዱን መንገድ ብቻ ነው የወሰደው። ባለቅኔዎቹ ከሰምና ወርቅ ሌላ ኅብርን፥ ውስጠ ወይራን፥ ሰም ገፊንና ሌሎችንም መንገዶች እየለዩ ይጠራሉ። ከዚህ የሚበልጠው ነጥብ ደግሞ፥ በቅኔ ቤት አሻሚ ንግግር በቸልታ አይፈቀድም። ሰሙ የት እንደሚያልቅ ወርቁ የት እንደሚጀምር መለየት ያልቻለ ተማሪ ቅኔው ይመለስበታል። በጥንቃቄ የተለካ አሻሚነት የግልጽነት ጠላት ሊባል አይችልም። ሌቪን የእርማቱን ሰዓት ተቀምጦ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ መደምደሚያው ሌላ ይሆን ነበር ብለን እናስባለን።

ምስጋናው የሚሸፍናቸው ሰዎችም አሉ። የቅኔ አገር ሲባል ወዲያው የሚታየን ጢሙን ያስረዘመ ወንድ መምህር ነው። በጎጃም በጽላሎ ጉባኤ ዘርግተው ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ግን ሴት ነበሩ፤ ዐይናቸውም አያይም ነበር። ከቅኔ መምህሩ ከአባታቸው ተምረው ወንበር ተተክተው ወንዶችን አስተማሩ። ስለ እሳቸው የሚጻፈው ሁሉ በአድናቆት የተሞላ ነው፤ ሴት ሆነው፥ ዐይነ ስውር ሆነው እያለ ይደነቃል። እንዴት እንደሚያርሙ፥ ምን እንደሚጥሉ የሚነግረን ግን ከዚህ ሁሉ አድናቆት ውስጥ ጥቂት ነው። ሴት መሆናቸውን ደጋግሞ ከመናገር ይልቅ እንደ ማንኛውም መምህር ሙያቸውን መመርመር ይበልጥ ማክበር ነበር።

ደግሞም የዚያ ሁሉ ተማሪ ቁራሽ ከማን ቤት ይወጣል? ከገበሬው ጎተራ፥ በተለይም ከሴቲቱ እጅ ነው። ጤፉን ያበጠረችው፥ የፈጨችው፥ የጋገረችው፥ ከልጆቿ አፍ ከፍላ ለተማሪው የሰጠችው ሴት የጎጃምን የቅኔ ትምህርት ቤት ስትከፍልለት የኖረች ናት። በማንኛውም ስብስብ ስሟ አይገኝም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ከወሰደ በኋላ፥ ኑሮው በደብሩ መሬት ላይ የቆመው መምህር ራሱ ወደዚህችው ሴት ደጅ ቀርቧል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ከታሪክ ጸሐፊዎቹ ሁሉ የተሻለ ምስክር የምናገኘው ከልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎዛምን ተወልደው፥ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው ያደጉ ሰው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በብዙ ሰው ዘንድ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ካነበበው በኋላ ደግሞ በጆሮ የማያውቀው የለም። እኛ ግን መጽሐፉን ስለ ሌላ ነገር ደግመን እንድናነበው እንለምናለን። ልጃቸውን በስለት ለትምህርት የሚሰጡ ወላጆች፥ ከደብር ደብር የሚዞር ተማሪ፥ ግብር የሚጨምር ፊታውራሪ፥ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ የሚል ገበሬ፥ በሁሉም መካከል ሆኖ ሥርዐቱን ሲተች እብድ የሚባል ጉዱ ካሣ፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ታሪክ ጸሐፊው ገዥውን፥ ሊቁ ቅኔውን፥ የቅርስ ሰው ሕንፃውን ለየብቻ ሲይዝ፥ ሐዲስ ዓለማየሁ አንዱ በሌላው ላይ እንዴት እንደ ቆመ አሳይተዋል። መጽሐፉ ከ1960ው ተቃውሞ ሁለት ዓመት አስቀድሞ መውጣቱንም ልብ ይሏል። በእርግጥ ልብ ወለድ ሰነድ አይደለም፤ ፊታውራሪ መሸሻን ጠቅሶ የጎጃም ባላባት ሁሉ እንዲህ ነበረ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ቢኖር ጽሑፉ ሊመለስበት ይገባል። የጥያቄ ዝርዝር ለማውጣት ግን ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አላገኘንም።

ለዚህ ሥራ ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ብንጠራ ደስ ይለናል። ፖላንድ በ1795 እ.ኤ.አ. በሩሲያ፥ በፕሩሲያና በኦስትሪያ ተከፋፍላ እስከ 1918 ድረስ መንግሥት ሳይኖራት ኖረች። በዚያ ዘመን ኦስካር ኮልበርግ (ከ1814 እስከ 1890) የተባለ የሙዚቃ ሰው ኩያቪያን፥ የክራኮቭን አገር፥ ሉብሊንን፥ ማዞቪያን፥ ሌሎችንም ጥንታዊ ክፍላተ አገር በየተራ እየዞረ ለየአንዳንዳቸው መጻሕፍት አዘጋጀ። የሰበሰበው ዘፈን ብቻ አልነበረም። ዜማውን ከቃሉ ሳይለይ፥ የተሰማበትን መንደር እየጠራ፥ የሠርጉን ሥርዐት፥ ልብሱን፥ ምሳሌውን፥ አነጋገሩን አብሮ መዘገበ። ካርታ ያጠፋውን አገር በመንደሩ ስም አቆየው ማለት ይቻላል። በኮልበርግ ላይ የሚነሣው ነቀፋ ደግሞ ለእኛ የሚጠቅም ነው፤ ዘፈኑን ሲጽፍ የዘፋኙን ስምና ኑሮ ብዙውን ጊዜ ትቶታል። በእኛም ስብስቦች የተማሪውና የእመቤቲቱ ስም እንዲሁ ቀርቷል።

የቅኔ አገር የሚለው ስም ሌላም ጉዳት እንዳለው በጥቂቱ እናመልክት። ግዕዝ ያልተማረውን ጎጃሜ ሁሉ ከቅርሱ ያስወጣዋል። የአዊ አገው ሕዝብ የራሱ ቋንቋ አለው፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውና በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም አለው። በመተከል ጉሙዝና ሽናሻ አሉ። ሸማኔው፥ ቀጥቃጩ፥ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ በደጋው መካከል እየኖሩ ከማኅበሩ የተገለሉ ነበሩ፤ ባለቅኔው የለበሰው ኩታ ከእጃቸው የወጣ ሆኖ ሳለ። ስለ እነዚህ ሁሉ ራሱን የቻለ ጥናት እንጂ በአንድ አንቀጽ የሚደረግ ጥቅሻ አይበቃቸውም።

የቅኔ ቤቱን ሥራ መመዝገብ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስቸኩል ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጆቹን ወስዷል፤ ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ እኛም ከተወሰዱት መካከል ነን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ ውጊያ ሲነሣ፥ ትምህርቱ ሁሉ ከመምህር ወደ መምህር በእግር በመሄድ ላይ የቆመ ተማሪ መንገዱ ሲዘጋበት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ብራና ከጦርነት በዋሻ ይሸሸጋል። እርማት በዋሻ አይሸሸግም።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። መንገድ በተከፈተ ጊዜ፥ ሁሉንም ደብር ለመዞር ሳንሞክር በአንድ ቅኔ ቤት፥ ደብረ ኤልያስም ቢሆን ዲማ፥ ከመምህሩ ፈቃድ አግኝተን አንድ ወቅት ሙሉ እንቀመጥ። ጸድቀው ከወጡት ይልቅ የተመለሱት ቅኔዎች ይቀረጹ፤ መምህሩ ምን ብሎ እንደ መለሰው፥ ተማሪው በማግሥቱ ምን ይዞ እንደ መጣ በተራ ይጻፍ። ከአንድ ተማሪ አንድ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስኪጸድቅ ድረስ ስንት ጊዜ እንደ ተለወጠ ከተመዘገበ፥ ያ አንድ መዝገብ ከመቶ የተመረጡ ቅኔዎች የበለጠ ያስተምረናል። ቁራሹ ከስንት ቤት እንደሚመጣ፥ በሐምሌና በነሐሴ እህል ሲያልቅ ተማሪው ምን እንደሚበላ፥ የትኛዋ ሴት ስንት ዘመን እንደ ሰጠች በስሟ ይጠየቅ። ለዚህም ግዕዝ የሚችል አንድ፥ ዜማ የሚያውቅ አንድ፥ የታሪክ ተማሪም አንድ ቢሆኑ ይበቃል። ከቅጂው አንዱ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ አንዱ ለመምህሩ ይሰጥ፤ እሱ አይታተም ያለው ክፍል ካለም ሳይታተም ይቆይ።